ዳገቱማ እኛም ጋ አለ

ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚወስደውን መንገድ በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንደሮጥኩት አላውቅም። ጀሪካን አንጠልጥለን፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ልንቀዳ። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እንወራረዳለን፤ የተሸነፈ ሲመለስ የሁሉንም ውኃ ይሸከማል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከመካከላችን ግን አንድም ሯጭ አልወጣም።

ለዚህ ነው ስለ ሯጮቻችን የተሠራ ፊልም ባየሁ ቁጥር ትንሽ የምነጫነጨው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ኢንዱራንስ»ን ውሰዱ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱን ሆኖ ይተውንበታል። ውብ ፊልም ነው፤ የአርሲን ሜዳና ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠውን ልጅ አይቶ ልቡ የማይነካ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ከዚያ ልጅ ተነስተን እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ እስከተገኘው የ10,000 ሜትር ወርቅ ስንደርስ፣ ውስጤ የሚቀረው ስሜት «ድህነትና ዳገት ጀግና ይወልዳሉ» የሚል ነው። ቢወልዱማ ላስታ በሜዳሊያ ብዛት መተኛ ባጣች ነበር!

«የሯጮች ከተማ» ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ጄሪ ሮትዌል ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም ሲሆን ታሪኩ የሚጀምረው በቆጂ ላይ ነው። እዚያም ከፍታ አለ፣ እዚያም ድህነት አለ። ልዩነቱ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም በእሱ እጅ ያለፉ ናቸው። ካሜራው ከውድድሩ ይልቅ ልምምዱን ይወዳል፦ ማለዳ፣ የተሰለፉ ልጆች፣ እግር ማንሳት፣ ክንድ ማወናጨፍ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አሰልቺ ሊሆን ይችል ነበር። እኔን ግን ፊልሙ የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። ገና ማንም ያላሸነፈበት ሰዓት ነውና ሁሉም ልጅ ደራርቱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሁለቱ ታዳጊ ሴቶች ከቤተሰብ ተለይተው ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳሉ። ፊልሙ ሦስት ዓመት ይከተላቸዋል። አንደኛዋ የደረሳት ቦታ የተነገራት ዓይነት ሆኖ አልተገኘም፤ ከእግሯ ይልቅ ትዕግሥቷ ነው የሚፈተነው። እዚህ ጋ ፊልሙን ለአፍታ አቁሜ ሻይ አፈላሁ፤ ማየቱ ከበደኝ። «የሀገራችን አየር» እያልን የምናወራለት ነገር በምግብ፣ በአልጋና በጥሩ አሠልጣኝ ላይ የቆመ መሆኑን እንዲህ በግልጽ ያሳየኝ ሌላ ፊልም የለም።

እንከን አያጣም። ተራኪው ብሩክ፣ የአያቱን ሱቅ የሚጠብቀው ልጅ፣ ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ ግን ልጆቹ ራሳቸው ዝም ብለው ሊያሳዩን የሚችሉትን አንዳንዴ ቀድሞ ይነግረናል። እሱ ራሱ ከሱቁ መስኮት ሌሎች ሲሮጡ የሚያይ ልጅ ነው። በአንድ በኩል ከሁሉም በላይ የተረዳሁት እሱን ነው።

ባለፈው ለበዓል ሀገር ቤት ስገባ በማለዳ ያንኑ መንገድ ይዤ ወረድኩ። አምስት ልጆች እየሮጡ አለፉኝ። ጀሪካን አልያዙም። ከኋላ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሰዓት እየያዘላቸው «ክንድ! ክንድ!» ይላቸዋል።