የእንግሊዝኛ ተደራጊ ግሥ በአማርኛ ትርጉም፤ የሁምቦን ደን ምሳሌ በማድረግ

በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲሰጥ፣ ተማሪው አድራጊውን ዓረፍተ ነገር ወደ ተደራጊ እንዲለውጥ ይታዘዛል። ተሳቢው ወደ ፊት መጥቶ ባለቤት ይሆናል፤ «ቢ» የተባለው ረዳት ግሥ እንደ ጊዜውና እንደ መደቡ ተለውጦ ከዋናው ግሥ ሦስተኛ ቅርጽ በፊት ይገባል፤ አድራጊው ደግሞ «ባይ» በሚለው መስተዋድድ ታጅቦ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። ከዚህ ልምምድ ጋር አንድ እምነት አብሮ ይለመዳል። ይኸውም የእንግሊዝኛው ተደራጊ ሁሉ በአማርኛ በ«ተ» የሚጀምር ግሥ፣ «ባይ»ም «በ» ይሆናል የሚል ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ይህን እምነት እንደ ሕግ ስለሚከተሉት በዚህ ጽሑፍ ልንነቅፈው እንወዳለን።

ለመመርመሪያ የመረጥነው በወላይታ የሚገኘውን የሁምቦን ደን ነው። ከሶዶ በስተ ደቡብ ባለው በዚህ ወረዳ ተራቁተው የነበሩ ኮረብታዎች፣ በስፋት 2,728 ሄክታር የሚሆኑ፣ ዳግመኛ ደን ለብሰዋል። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥልት ውስጥ ተመዝግቧል፤ የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድም የ165,000 ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅነሳ ለመግዛት ተዋውሏል። ወርልድ ቪዥን ሥራውን ሲያስተባብር፣ ደኑን የሚጠብቁት በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁት ነዋሪዎች ናቸው። የዘዴው ዋና ነገር በመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ የቆየውን ጉቶና ሥር ከከብትና ከመጥረቢያ መጠበቅ፣ ከሚያቆጠቁጡትም ቀንበጦች ብርቱውን መርጦ የቀረውን መመልመል ነው።

የፕሮጀክቱ የእንግሊዝኛ ስም ራሱ «አሲስትድ» የሚል ተደራጊ ቅርጽ ይዟል፤ «የታገዘ» ማለት ነው። የሚታገዘው ተፈጥሮ፣ አጋዡም ገበሬው ነው። ይህን ሳያጤን «በእርዳታ የተካሄደ» ብሎ የሚተረጉም ግን ገበሬውን ከረጂነት ወደ ተረጂነት ያወርደዋል። «እርዳታ» በአገራችን የስንዴ ከረጢት የሚያስታውስ ቃል ሆኗልና። እንግሊዝኛው አድራጊውን አልጠቀሰውም፤ አማርኛው ግን ሌላ አድራጊ ተካበት።

ከዚህ በታች የምንሰጣቸው ዓረፍተ ነገሮች ከሰነድ የተቀዱ ሳይሆኑ ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀናቸው ናቸው።

«ዘ ፎረስት ዋዝ ሪስቶርድ» የሚለውን «ደኑ ተመለሰ» ብለን እንተርጉመው። የእንግሊዝኛው ግሥ አድራጊውን ባይጠራም አድራጊ እንዳለ ያስታውቃል። የአማርኛው «ተ» ግን ሁለት አገልግሎት አለው፤ በሌላ ሰው የተፈጸመውንም፣ በራሱ የሆነውንም ይገልጻል። «ገንዘቡ ተመለሰ» ስንል መላሽ አለ፤ «እንግዳው ተመለሰ» ስንል ግን የመጣው በራሱ ነው። እንግዲህ «ደኑ ተመለሰ» የተባለው አንባቢ፣ ዝናብ ስለ ዘነበ በቀለ ብሎ ቢረዳ ስሕተቱ የእርሱ አይደለም። የብዙ ዓመት ጥበቃና ምልመላ በአንድ ፊደል ተሰውሯል።

አድራጊው በተጠቀሰበትም ጊዜ ችግሩ አይቀርም። «መሬቱ በሰባት ማኅበራት ተከፈለ» ቢባል፣ ከፋዮቹ ማኅበራቱ ናቸው ወይስ መሬቱ ለሰባት ተከፍሎ ተሰጣቸው? «በ» መሣሪያንም፣ ቦታንም፣ ክፍልፋይንም፣ አድራጊንም ስለሚያመለክት መልስ የለውም። ከዚህ ለመሸሽ «በማኅበራቱ አማካይነት» የሚል ሐረግ ተለምዷል፤ ይህም የባሰ ነው። አማካይ መካከለኛ ማለት ነውና፣ ከማኅበራቱ በስተ ጀርባ ሌላ እውነተኛ አድራጊ እንዳለ ያስመስላል። የደኑ ባለመብት ማን ነው የሚል ክርክር ቢነሣ ይህ ሐረግ ለነዋሪው አይመሰክርለትም። እንዲሁም «ክፍያ ይፈጸማል» የሚል ዓረፍተ ነገር የተነበበለት ገበሬ «ማን? ለማን?» ብሎ መጠየቁ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ አይደለም።

እንግሊዝኛ ተደራጊን የሚያዘወትርበት አንዱ ምክንያት የቃላቱ ቅደም ተከተል ጥብቅ መሆኑ ነው። ስለ ደኑ መናገር ጀምሮ ደኑን በመጀመሪያ ለማስቀመጥ ግሡን መለወጥ ይቀናዋል። አማርኛ ግን የተሳቢ ምልክት የሆነው «ን» ስላለው ይህ አያስፈልገውም። «ደኑን ነዋሪዎቹ መለሱት» ስንል ደኑ እንደ እንግሊዝኛው ፊት ቆሟል፤ አድራጊውም ከቦታው አልተነሣም። አድራጊው በስም ባይታወቅ እንኳ «ኮረብታውን ከለሉት» ማለት ይቻላል፤ ግሡ ሰዎች እንደ ሠሩት ይናገራል።

ይህን ስንል ተደራጊ ግሥ ከአማርኛ ይወገድ ማለታችን አይደለም። የጥንት ሰዋስው ሊቃውንት ከአምስቱ አዕማደ ግሥ አንዱ አድርገው ተገብሮ ያሉት የቋንቋው ሀብት ነው። አድራጊው በማይታወቅበት፣ ወይም እንደ «ዛፍ መቁረጥ የተከለከለ ነው» ትእዛዙ ለሁሉ በሆነበት ቦታ ተገቢ ነው። የምንነቅፈው ያለ ምርመራ መገልበጡን ነው።

በሁምቦ ነገሩ የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ። የአማርኛው ጽሑፍ ለነዋሪው በወላይትኛ ሲነገር ዳግመኛ ይተረጐማል። ወላይትኛ የተደራጊነትን ምልክት እንደ አማርኛ ከግሡ ፊት ሳይሆን ከሥሩ በኋላ ይጨምራል። ተርጓሚው ይህን ቅርጽ ቢያውቅም፣ በአማርኛው የጠፋውን አድራጊ ከዚያ ሊያገኘው አይችልም።

ስለዚህ ተርጓሚ የእንግሊዝኛ ተደራጊ ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው፣ «ተ»ን ከመጻፉ በፊት «ማን አደረገው?» ብሎ እንዲጠይቅ እናሳስባለን። መልሱ ከምንባቡ ከተገኘ አድራጊውን ባለቤት ያድርገው፤ ካልተገኘ ጸሐፊውን ይጠይቅ። ለቃላት ሥራ ባልደረቦቻችንም፣ ስያሜ ሲወጣ «የታገዘ»፣ «የተጠበቀ»፣ «የተሻሻለ» የመሳሰሉት ቅጽሎች አድራጊያቸው ተለይቶ በመፍቻው ውስጥ እንዲገለጽ ሐሳብ እናቀርባለን።