«ልነግረው ይገባል» የተባለው ለማን ነው?

በሁርሊንግሃም ያለን ወገኖች «አውት ኦቭ አፍሪካ» የተባለውን ፊልም ባየን ቁጥር መጨረሻው ላይ ለሁለት እንከፈላለን። በካምፕ ካላችሁት አንባብያንም ያየው አይጠፋምና የበኩሌን ፍች ላቅርብ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን በ1985 ያዘጋጀው ሲድኒ ፖላክ ነው፤ ሰባት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ዴንማርካዊቷን ካረን ብሊክሰንን ሜሪል ስትሪፕ፣ እንግሊዛዊውን አዳኝ ዴኒስ ፊንች ሃተንን ሮበርት ሬድፎርድ ሆነው ይጫወታሉ። የቡና እርሻዋ የነበረበት ስፍራ ዛሬም በናይሮቢ ካረን እየተባለ ይጠራል። እሷ ጋብቻ ትሻለች፤ እሱ መታሰርን ይፈራል። ተቀያይመው ይለያያሉ። እርሻው ከከሰረ በኋላ ተመልሶ ይመጣና ብቻውን መኖር እንደ ቀድሞው አልጥምህ እንዳለው ይነግራታል። ዓርብ መጥቶ በአውሮፕላኑ ሞምባሳ ሊያደርሳት ይቀጥራታል። ዓርብ የመጣው ግን መርዶ ነው። (እውነተኛው ዴኒስ የሞተው በሜይ 1931 ቮይ ላይ ተከስክሶ ነው።)

ክርክሩ እዚህ ላይ ይነሣል። ግማሾቻችን «ቢተርፍ ኖሮ ያገባት ነበር» እንላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ወር ሳይሞላው ድንኳኑን ጭኖ ይሄድ ነበር»። ፊልሙ አይፈርድም። እኔም ልፍረድ አልልም፤ ቁም ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ።

ቀብሩን አስታውሱ። ካረን ንጎንግ ኮረብታ ላይ ቆማ፣ ሟቹ የእኛ አልነበረም፣ የእኔም አልነበረም ትላለች። ከዚያ አፈር ትዘግናለች። አፈሩን ግን አትበትነውም፤ እጇን እንደ ጨበጠች ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። በእኛ አገር አፈር ያላለበሰ ቀባሪ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በአፏ «የእኔ አልነበረም» ያለች ሴት በእጇ አልለቀቀችውም።

አገሯ ከገባች በኋላ ከወዳጇ ደብዳቤ ይደርሳታል። ማሳዮች በጎህና በምሽት አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንበሳ መቃብሩ ላይ ሲተኙ አይተዋል ይላል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ተአምር እንወስደዋለን። ደብዳቤው ራሱ ግን ምክንያቱን ይሰጣል፦ መሬቱ ስለተደለደለ ሜዳውንና ከብቱን ለማየት ይመቻል። ይህን ማስገባቱ የአዘጋጁ ጨዋነት ነው። እሷ ደብዳቤውን አንብባ ዴኒስ ይህን ይወደዋል፣ ልነግረው ይገባል ትላለች። ይኸው ነው መጨረሻው።

«በሰማይ እንደምታገኘው አምና ነው» የሚል አለ፤ «ኀዘን አእምሮዋን ነክቶት ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም አልዋጡልኝም። መርዶ በደብዳቤ የደረሰን ሰዎች አነጋገራችንን እንመርምር። እናቱ ከሞቱ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው ቡና ሲፈላ «እናቴ አቦሉን ትወዳለች» ሲል ሰምታችሁ አታውቁም? ትወዳለች እንጂ ትወድ ነበር አይልም። ካረን ቀብሩ ላይ ነበረች፣ ከእኛ ጋር ምን ያገናኛታል የሚል ሊነሣ ይችላል። ነበረች፤ አፈሩ ግን እጇ ላይ ቀርቷል፤ አገሩንም ለቅቃ ሄዳለች።

አንድ የማልምረው ነገር አለ። ባቡር ጣቢያው ላይ ዴኒስ የሰጣትን ኮምፓስ ለሶማሌው አገልጋይዋ ለፋራህ ትሰጠዋለች፣ ስሟንም እንዲጠራላት ትለምነዋለች። ትልቅ ትዕይንት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ካሜራው ወደ ፋራህ አይመለስም። በገዥው ፊት ተንበርክካ መሬት የለመነችላቸው ኪኩዩዎችም የት እንደ ደረሱ አይነገረንም። አንበሶቹ መጨረሻ አግኝተዋል፤ ሰዎቹ አላገኙም።

በመጨረሻም ወደ አፍሪካ ዳግመኛ አልተመለሰችም የሚል ጽሑፍ ይወጣል። እውነት ነው፤ በ1962 ዴንማርክ ውስጥ እስክትሞት አልተመለሰችም። እንግዲህ «ልነግረው» ያለችው የት ሆና ነው? የአንበሶቹን ወሬ በ1937 ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ ጻፈችው። መቃብሩ ንጎንግ ላይ ነው፤ ወንድሙ ያቆመለት ሐውልት አለበት።