መሮው በእጅ ሲሞከር

በአሜሪካ በቶርኖ እንጨት የሚቀርጹ ሰዎች ክበቦች ውስጥ እጅግ የምወደው ልማድ አለ፤ አዲስ ገቢው መሮ ከመግዛቱ በፊት የነባር አባልን ተውሶ በሚሽከረከር እንጨት ላይ ይሞክራል። ክበቦቹን የሚያስተባብረው ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለቱ እንጨቱን ተደግፎ ሲቆርጥ፣ ስስ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ሲወጣ፣ እጀታው ለክንድ መርዘሙ ወይም ማጠሩ ወዲያው ይታወቃል፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ይህ አይታይም። የካርባይድ ጫፍ ያለው መሣሪያ ለጀማሪ ይቀላል፤ ሲደንዝ ጫፉን ማዞር ይበቃል። ሰያፍ ስለት ያለው መሮ ግን ትንሽ ካዘነበለ እንጨቱን ይነክሳል፤ ጀማሪ ብቻውን ባይሞክረው እመርጣለሁ።

ከሁሉ የማደንቀው የነባሮቹን ልግስና ነው። ለዓመታት እየሳሉ የተጠቀሙበትን ብረት ለማያውቁት እጅ ይሰጣሉ፤ አጠገቡ ቆመውም አቋቋሙን ያርሙለታል።