«ቤት ለእምቦሳ»፦ ስለ ኪራይ ቤትና ስለ መድረካችን ሳሎን

ዘመድ ወዳጅ አዲስ ቤት ሲገባ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ከደጃፉ ቆም ብሎ «ቤት ለእምቦሳ!» ይላል። ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ ከገበሬና ከከብት አርቢ ሕይወት የተወለደ ነው። ቤቱ ጥጃ የሚታሰርበት፣ ወተት የሚናጥበት፣ ዘር የሚበረክትበት እንዲሆን ይመኛል።

ይህን ልማድ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን ትርጉሙን መላልሼ እንዳስብበት የተገደድሁት በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። በሥራ ዝውውር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መጥቼ፣ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሰበታ ላይ አንዲት ክፍል በተከራየሁ በሳምንቱ አንድ ባልደረባዬ ሊጠይቀኝ መጣና ከበሬ ቆሞ «ቤት ለእምቦሳ!» አለ። አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን ዘገየብኝ። በዚህ መካከል ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት በረንዳ ላይ ምስር ይለቅሙ የነበሩት አከራዬ «እምቦሳ እሰሩ!» ሲሉ መለሱለት።

እንግዳዬ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኒያ እናት በክፋት አልተናገሩም፤ ቤቱ የእርሳቸው ነውና ምርቃቱን መቀበል የሚገባቸውም እርሳቸው ናቸው። ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለመድረክ ስጽፍ እንዲህ ያለ ትዕይንት አንድም ጊዜ አልጻፍሁም። ከዚህም የባሰው፣ በጻፍኋቸው ቴአትሮች ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕይንት ሊፈጠርበት የሚችል ቤት አልነበረም።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ኪራይ መወደድ ማማረር አይደለም። ዓላማው ሂስ ነው፤ የሚያነጣጥረውም በቴአትራችንና በቴሌቪዥን ድራማችን መቼት ላይ ነው። ከራሴ ሥራ ስለምጀምር ደግሞ ግለ ሂስ ነው።

መጋረጃው ሲገለጥ የምናየው ምንድን ነው? መካከል ላይ ሶፋ፣ ከፊቱ አጭር ጠረጴዛ፣ በግራ ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ በር፣ በቀኝ የውጭ በር፣ ከግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶግራፍ። ይህ ሳሎን የማን ነው? ማን ሠራው? በስንት ይከራያል? ማንም አይጠይቅም። ዋናው ገፀ ባሕርይ መምህር ነው ይባላል፤ ሳሎኑ ግን የአስመጪ ነጋዴ ነው። ወንድሙ ከገጠር ሲመጣ የሚያድርበት ክፍል አይቸግርም። ሚስቱ ተቆጥታ ስትወጣ የምትሄድበት ሌላ ቤት አላት። ባልየው ሥራውን በክብር ሲለቅ በወሩ መጨረሻ ማን በሩን እንደሚያንኳኳ አናይም። ደሴ ላይ የቀረበው የእኔ ቴአትርም ይኸው ነበር። ጀግናዬ ለእውነት ሲል ደመወዙን ሲተው ተመልካች አጨበጨበልኝ። አሁን ሳስበው ጀግንነቱን ያቀለልሁለት እኔ ነበርሁ፤ ኪራይ የማይከፈልበት ቤት ሰጥቼዋለሁና።

በእርግጥ ለሳሎኑ መንገሥ ምክንያት አለው። አንድ መቼት ወጪ ይቆጥባል፤ ሁለት በሮች ለመግቢያና ለመውጫ ይመቻሉ፤ ሶፋውም ከዕቃ ግምጃ ቤት አይጠፋም። ይሁን እንጂ ለምቾት የገባ ዕቃ ቀስ በቀስ አስተሳሰብ ይሆናል። ሶፋውን ከመረጥን በኋላ ግጭቱን የምንመርጠው ለሶፋው በሚስማማ መንገድ ነው፤ ውርስ፣ ቅናት፣ ክህደት፣ የተደበቀ ልጅ። በወር ከሚያገኘው ገቢ እኩሌታውን ለጣራ የሚከፍል ሰው በሶፋው ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም።

ታሪካችን ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«የከርሞ ሰው» የከተማውን ድሃ ኑሮ ወደ መድረክ አምጥቷል። መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» የተማረውን ሰው ከከተማ አውጥቶ በገጠር እንዲኖር ሲያደርገው፣ መኖሪያው ራሱ የሐሳቡ መፈተኛ ሆኗል። ከባሕር ማዶም ቢሆን አብነት አይጠፋም። ማክሲም ጎርኪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ለሞስኮ መድረክ ባበቃው ቴአትሩ፣ የአዳር ኪራይ የሚከፈልበትን ምድር ቤት ከነአከራዩ አሳይቷል። ሎሬይን ሃንስቤሪ በ1959 በኒው ዮርክ በቀረበው ሥራዋ፣ የቺካጎ ጥቁር ቤተሰብ ከጎረቤት ጋር የሚጋራውን መታጠቢያ ቤት የታሪኩ አንቀሳቃሽ አድርጋዋለች። የሁለቱም ሥራዎች ኃይል ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ደራሲዎቹ ሰው ከመናገሩ በፊት የት እንደሚያድር ጠይቀዋል።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የተሻለ ከተማ የለም። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጭፍራው በየጌታው ዙሪያ ሰፈረ፤ «ሰፈር» የምንለው ቃልም ይህንኑ ያስታውሳል። የደጃች ውቤ ሰፈር የሚለው ስም የማን መሬት ላይ ማን እንደ ተቀመጠ የሚናገር የታሪክ ሰነድ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አነስተኛ ኪራዮችንም ቀነሰ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስምና ኑሮ የዚያ አዋጅ ልጅ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ «ዕጣ ወጣልህ ወይ?» የሚለው ጥያቄም ሰላምታ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ። በዚያው ዓመት በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ በአንድ ቧንቧ ዙሪያ ይኖሩባቸው የነበሩ የጋራ ግቢዎችም አብረው ሄዱ። እያንዳንዱ ለውጥ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ አኗኗር ለውጧል። የመድረካችን ሶፋ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። የዝውውር ደብዳቤዬ ሥራ የምጀምርበትን ቀንና የደመወዝ ደረጃዬን ይናገር ነበር፤ የት እንደማድር ግን አይናገርም። ባለቤቴና ልጆቼ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ደሴ ቀሩ። እኔም ከደላላ ጋር ከተማውን መዞር ጀመርሁ። አንዷ ባለቤት «ልጅ ያለው ሰው አልፈልግም» አሉ። ሌላው «ላጤ አይሆነኝም፤ ቤተሰብዎን ሲያመጡ ይምጡ» አሉ። ሦስተኛው ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ቴአትር እጽፋለሁ» ብል ፊታቸው ተለወጠ። ደላላው ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ መምህር ነኝ ይበሉ። ቴአትር የሚሉትን ነገር አያንሡ» ሲል መከረኝ። አራተኛው ቤት ተስማማኝ። አከራዩም በትሕትና፣ «ውሉ ላይ የሁለት ወር ብቻ እንጽፋለን፤ የቀረውን አራት ወር በእጅ ይሰጡኛል። ሕግ መከበር አለበት» አሉኝ። ደራሲ ጠረጴዛው ላይ ወር ሙሉ ቢያምጥ ይህን ምልልስ አይወልደውም።

የስድስት ወር ኪራይ አልነበረኝም። ስለዚህ ከከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣሁ። ሰበታ በ2015 ዓ.ም. የተዋቀረው የሸገር ከተማ አካል ናት። ያገኘኋት ክፍል ከትልቁ ቤት ጓሮ ከተደረደሩት ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አንዷ ናት፤ ወለሏ ሊሾ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ከጎረቤት የሚለያት ግድግዳ ቺፑድ። ከአንድ ጎን በአበባ እርሻ የምትሠራ ወጣት፣ ከሌላው ጎን ሦስት ልጆች ያሉት መምህር ይኖራሉ። ለሁላችንም አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ መጸዳጃ አለን። በዚህ ግቢ ስኖር ስለ ድራማ ቅርጽ የተማርሁትን ሦስት ነገር ለሙያ ባልደረቦቼ ላካፍል።

አንደኛው ስለ ጊዜ ነው። በሳሎን ቴአትር ጊዜ የሚያልፈው መብራት ጠፍቶ ሲበራ ነው። በኪራይ ቤት ግን ጊዜ ጥርስ አለው፤ ወር መሙያ ይባላል። ከሃያ አምስተኛው ቀን ጀምሮ የግቢው ድምፅ ይለወጣል። በር በቀስታ ይዘጋል፤ ሰላምታ ያጥራል። ዓመቱን ሙሉ የምንተነፍሰው በጳጉሜን ብቻ ነው፤ በእኛ ግቢ እነዚያ አምስት ቀናት ኪራይ አይቆጠርባቸውም። አንድ ሙሉ ቴአትር በአምስቱ የጳጉሜን ቀናት ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ማን ይጻፈው?

ሁለተኛው ስለ ቦታ ነው። በሳሎን ቴአትር ምስጢር የሚወጣው ሠራተኛይቱ በር ሥር ስታዳምጥ ነው። በቺፑድ ግድግዳ ግን ሁሉም ያዳምጣል፤ ሁሉም እንዳልሰማ ይሆናል። መምህሩና ሚስቱ ሌሊት ሲጣሉ በሹክሹክታ ነው። ንዴታቸው የሚታወቀው ከድምፃቸው ሳይሆን ከዝምታቸው ርዝመት ነው። እንዳልሰሙ መሆን የጋራ ግቢ ሰው ለጎረቤቱ የሚሰጠው ትልቁ ክብር ነው። ተዋንያኖቻችን ይህን ዝምታ ቢለማመዱት ከጩኸታቸው ይልቅ ይደመጣሉ።

ሦስተኛው ስለ ቋንቋ ነው። አከራዬ ሲወዱኝ «አንተ» ይሉኛል፤ «ና እንጂ ቡና ጠጣ» ይላሉ። ስለ ኪራይ ሊያነጋግሩኝ ሲፈልጉ ግን «እርስዎ» እሆናለሁ። አንድ ቀን ጠዋት «ደህና አደሩ?» ሲሉኝ የሚከተለውን ዐውቄ ጉልበቴ ከዳኝ። አክብሮት ማስጠንቀቂያ፣ መናቅ የመሰለው ደግሞ ፍቅር የሚሆንበት ቋንቋ ይዘን፣ በድራማችን ውስጥ ሰዎች ለምን ሐሳባቸውን በረጅም ንግግር ይዘረዝራሉ?

እዚህ ላይ ከአንድ ስሕተት መጠንቀቅ ይገባል። ነገ ተነሥተን አከራይን ጥርሱ የገጠጠ ጨቋኝ፣ ተከራይን እንባ የማይደርቅለት መልአክ አድርገን ብንጽፍ፣ ሶፋውን አውጥተን ሌላ ዓይነት የእንጨት ዕቃ አስገባን ማለት ነው። የእኔ አከራይ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ጡረታቸው እነዚያ ሦስት ክፍሎች ናቸው፤ ጤፍ ሲወደድ ኪራዩን ካልጨመሩ ሌላ የሚጨምሩት ነገር የላቸውም። የመምህሩ ልጆች ሲታመሙ በሌሊት ዳማከሴ ጨምቀው የሚያጠጡ እርሳቸው ናቸው፤ በወሩ መጨረሻ በሩን የሚያንኳኩትም እርሳቸው ናቸው። ሁለቱም እጅ አንድ እጅ ነው። ይህን እጅ መድረክ ላይ ያሳየ ደራሲ ስለ ከተማችን እውነቱን ተናገረ ማለት ነው።

«ኪራይ የዕለት ጉዳይ ነው፤ ኪነ ጥበብ ከዕለት ጉዳይ በላይ መሆን አለበት» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። መልሴ ከራሱ ከቋንቋችን የተወሰደ ነው። የአማርኛ ገጣሚ የስንኙ መጨረሻ ሲገጥምለት «ቤት መታልኝ» ይላል። በቅኔ ትምህርትም ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት አለው። ኪነ ጥበቡን በቤት የሚለካ ሕዝብ ስለ ቤት መጻፍን ዝቅ አድርጎ ሊያይ አይገባውም።

ደግሞም ጉዳዩ ከእኛ ውጭ አይደለም። ልምምዳችን 12 ሰዓት ሲያልፍ ተዋናዮች ሰዓታቸውን ማየት ይጀምራሉ። አየር ጤና ላይ ያለው የታክሲ ሰልፍ፣ ከዓለም ገና በኋላ ያለው ጨለማ ከፊታቸው ይደቀናል። ሦስተኛው ገቢር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የላላ የሚሆነው ስለ ምን እንደ ሆነ ሐያስያን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሦስተኛው ገቢር የሚለመደው ሰው ሁሉ ልቡ ወደ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው። ዝውውር የሚፈርሙ የሥራ ኃላፊዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የኪነ ጥበብ ተቋማት ለሚያመጡት ሰው የማረፊያ ጉዳይ ከደብዳቤው ጋር ቢያስቡበት፣ ቴአትሩንም ትምህርቱንም ያተርፋሉ።

ከደራሲያን የሚጠበቀው ግን ደብዳቤ አይጠብቅም። አዲስ ቴአትር ስንጀምር የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከገፀ ባሕርያቱ ስም ዝርዝር በፊት፣ ሦስት ጥያቄ እንመልስ፦ ቤቱ የማን ነው? ወሩ የሚሞላው መቼ ነው? ግድግዳው ከምን ተሠራ? መልሱን ተመልካቹ በቃል ባይሰማውም ከተዋናዩ አካሄድ ያየዋል።

እኔ የራሴን ሥራ ከመደርደሪያ አውርጄ እንደገና መጻፍ ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ ያወጣሁት ሶፋውን ነው። ጀግናዬ አሁን የሚቀመጠው በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ነው፤ ለእውነት ሲል ደመወዙን ከመተዉ በፊት ቀኑን ይቆጥራል፤ ሃያ ስድስት ነው። ይተወው እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም። ከተወው ግን ጭብጨባው በዚህ ጊዜ የእርሱ ይሆናል።