በአንድ የምልመላ ዘፈን ውስጥ «አንተ» የሚለው ማን ነው?

ስለ አንጻር ሳስተምር ለሁለተኛ መደብ ምሳሌ ያጥረኛል። ደራሲያን «እኔ»ንና «እሱ»ን እንጂ «አንተ»ን እምብዛም አይደፍሩም። ዘንድሮ አንድ ተማሪዬ «ኢን ዚ አርሚ ናው» የተሰኘውን የሮክ ዘፈን ተርጉሞ ሲያመጣልኝ ምሳሌው ተገኘ።

ዘፈኑን የደረሱት ሮብና ፈርዲ ቦላንድ የተባሉ የኔዘርላንድ ወንድማማቾች ናቸው፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ራሳቸው ተጫውተውታል። ይበልጥ የናኘው ግን በ1986 የእንግሊዙ ስታተስ ኮ እንደገና ሲጫወተው ነው። በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል። ስለ ሙዚቃው ባለሙያዎች ይናገሩ።

ጉዳዩ የቬትናም ዘመን ምልምል ነው። ምልምሉ አንድም ጊዜ «እኔ» አይልም። መጀመሪያ የሚያናግረው ድምፅ የመልማዩ ይመስላል፤ ባሕር ማዶ መዝናናትን፣ በሰፈር ጀግና መባልን ያባብለዋል። ወረድ ሲል ያው «አንተ» ጨለማና ተኩስ ውስጥ ይገኛል። ተናጋሪው መለወጡን የሚነግረን የለም። በ1917 አጎት ሳም ጣቱን ቀስሮ «አንተን እፈልጋለሁ» ያለበትን የምልመላ ሥዕል ለሚያስታውስ አድማጭ፣ አጎትዬው በስንኞቹ ውስጥ መጠራቱ በከንቱ አይደለም። በእኛ ፉከራ ተናጋሪው ገዳዩ ራሱ ነው፤ «እኔ» ብሎ ይነሣል። እዚህ ግን አንደበቱ ተወስዷል። የዘፈኑ ምጸት ከዚህ ይመነጫል ባይ ነኝ።

ተማሪዬ «እናንተ» ብሎ ተርጉሞታል። እንግሊዝኛው ቁጥር አይለይምና ስሕተት ልለው አልችልም። «የሄዱት ብዙ ናቸው» ሲል ተከራከረኝ። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ከብዙ ጎረምሶች ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ሄዷል፤ ስለዚህ «ብዙ» የሚለው ቃል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይሁንና መልማይ በጅምላ ቢወስድም የሚያባብለው አንድ በአንድ ነው። በ«እናንተ» ማባበሉ አዋጅ ይሆናል።

በ2010 ስታተስ ኮ ከብሪታንያ ሠራዊት መዘምራን ጋር እንደገና ቀርጾታል። ገቢው ለወታደሮች መርጃ ነበር። ዓላማው የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን ሠራዊቱን እንዳያስከፋ ስንኞቹ ተለዝበዋል። የመርጃው ገንዘብ የሚያስፈልገው የመጀመሪያዎቹ ስንኞች እውነት ስለሆኑ አይደለምን?

ይህን ለተማሪዬ ነገርኩት። ተስማማ፤ «እናንተ»ን ግን አልለወጠም።