ከሮዝ ሪባን ባሻገር፦ የበጎ አድራጎት ቅስቀሳና የጡት ካንሰር ልየታ

የጡት ካንሰርን ከሹክሹክታ አውጥቶ ለአደባባይ ያበቃው የሕክምና ባለሙያው ጥረት ብቻ አይደለም። ናንሲ ብሪንከር በዚሁ ሕመም ለሞተችው እህቷ ለሱዛን ኮመን መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ያቋቋመችው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በተከታዩ ዓመት በዳላስ ከተማ የጎዳና ሩጫ አስጀመረ። ሩጫው ወደ ሌሎች ከተሞችና አገሮች ተስፋፍቶ ሴቶች ስለ ሕመሙ ያለ ሐፍረት እንዲናገሩ ረድቷል፤ ለምርምርና ለሕክምና የሚውል ገንዘብም አስገኝቷል። ይህ ውለታ ሊዘነጋ አይገባም። ሆኖም የዓላማው መልካምነት መልእክቱን ከሒስ ነፃ አያደርገውም።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሰራጨው ማስታወቂያ፣ ካንሰሩ ቀድሞ ሲታወቅ ለአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድል 98 በመቶ፣ ካልታወቀ ግን 23 በመቶ መሆኑን ጠቅሶ ሴቶች የማሞግራፊ ምርመራ እንዲያደርጉ ገፋፍቶ ነበር። ስቲቨን ዎሎሺንና ሊዛ ሽዋርትዝ የተባሉ ሐኪሞች በ2012 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ማስታወቂያውን ነቅፈዋል። ነቀፌታቸው ተገቢ ነበር።

ስሕተቱ ያለው በንጽጽሩ ላይ ነው። አንዲት ሴት በ57 ዓመቷ እብጠት ዳስሳ ሕመሟ ቢታወቅና በ60 ዓመቷ ብትሞት፣ አምስት ዓመት እንደኖረች አትቆጠርም። ያው ዕጢ በ54 ዓመቷ በማሞግራፊ ተገኝቶ በዚያው በ60 ዓመቷ ብትሞት ግን ከ98 በመቶው ወገን ትመደባለች። በዕድሜዋ ላይ የተጨመረ አንድ ቀን የለም፤ የረዘመው ታማሚ ሆና የኖረችበት ዘመን ነው። በዚህ ላይ ምርመራው ዕድሜ ልክ ጉዳት የማያደርሱ ዕጢዎችን ጭምር ስለሚያገኝ መቶኛው ይበልጥ ያብጣል።

ትክክለኛው መለኪያ የሞት መቀነስ ነው። በሁለቱ ሐኪሞች ስሌት መሠረት፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት በአሥር ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድሏ በምርመራው ከ0.53 ወደ 0.46 በመቶ ይወርዳል፤ ይኸውም ከ10,000 ሴቶች 7ቱን ማትረፍ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም፣ ከሐሰተኛ ሥጋትና ካላስፈላጊ ሕክምና ጋር ተመዛዝኖ ሊነገር ይገባዋል።

ማሞግራፊ በስፋት በማይገኝባት በአገራችን ጥያቄው ከዚህም ይከብዳል። በየዝግጅቱ ድንኳን የሚታደለው በራሪ ጽሑፍ ሴቶች ጡታቸውን በየወሩ ራሳቸው እንዲፈትሹ ይመክራል። ነገር ግን በሻንጋይ 266,000 ያህል ሴቶችን ያካተተውና በ2002 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ ይህ ትምህርት ሞትን እንዳልቀነሰና ካንሰር ላልሆኑ እብጠቶች የሚደረገውን የናሙና ምርመራ እንዳበዛ አሳይቷል። በአንጻሩ በሙምባይ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጅ ባደረጉት ምርመራ ካንሰሩ በቀደመ ደረጃ ተገኝቷል። በ2021 የታተመው ውጤት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ሴቶች ላይ ሞት በ30 በመቶ ገደማ መቀነሱን ሲገልጽ፣ በጠቅላላዎቹ ተሳታፊዎች ላይ የታየው ቅናሽ ግን በስታቲስቲክስ አልተረጋገጠም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያስጀመረው መርሐ ግብር፣ ሕመምተኛዋ ጤና ተቋም በደረሰች በ60 ቀናት ውስጥ ሕመሟ ተለይቶ እንዲታወቅና ቢያንስ 80 በመቶ የሚሆኑት ሕክምናቸውን እንዲፈጽሙ ይጠይቃል። የእኛም ዝግጅቶች ሊመዘኑ የሚገባው በዚህ ነው። እብጠት አለኝ ብላ ወደ ድንኳኑ የምትመጣ እናት የናሙና ምርመራ የት እንደሚደረግላት፣ ማን እንደሚቀበላትና ወጪውን ማን እንደሚሸፍንላት አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ያተረፍንላት ጭንቀትን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ እንዲገኝ የሚጋበዝ የጤና ባለሙያ፣ ካናቴራውን ከመልበሱ በፊት በራሪ ጽሑፉን ያንብብ፤ የሪፈራሉንም መንገድ ይጠይቅ። ሕዝቡ የሚያምነው ሪባኑን ሳይሆን ነጩን ጋዋን ነውና።