የጉበት ዕባጭ በኤም.አር.አይ.፦ የሊ-ራድስ መመዘኛ ጥንካሬና ወሰን

በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች የናሙና ምርመራ ውጤት ሳይያዝ ሕክምና አይጀመርም። ከጉበት ሕዋሳት የሚነሳው ካንሰር ግን በተወሰኑ ሕሙማን ላይ በምስል ብቻ ሊረጋገጥ ይችላል። ይህን አሠራር ሥርዓት ለማስያዝ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2011 ሊ-ራድስ የተባለውን መመዘኛ ያወጣ ሲሆን፣ በ2018 አሻሽሎ አሳትሞታል። መመዘኛው ታማሚውን ከመርፌ የማዳን ወይም በተሳሳተ ፍርድ የመጉዳት አቅም ስላለው፣ ጥንካሬውንና ወሰኑን መመርመር ተገቢ ነው።

ጥንካሬው መሠረት ያለው ነው። ጤናማ ጉበት አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከፖርታል ደም መልስ ሲሆን፣ ካንሰሩ ግን በዋነኛነት ከደም ቅዳ ይመገባል። በመሆኑም ጋዶሊኒየም ሲሰጥ ዕባጩ በመጀመሪያው የደም ቅዳ ምዕራፍ ከአካባቢው ጉበት ይልቅ ይደምቃል፤ በኋለኞቹ ምዕራፎች ደግሞ ይደበዝዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ዙሪያውን ሽፋን ይታይበታል። ሊ-ራድስ እነዚህን ምልክቶች ከዕባጩ መጠንና ዕድገት ጋር አቀናጅቶ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣል። «ያጠራጥራል»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉትን ልቅ አገላለጾች በጋራ ቋንቋ መተካቱ ታላቅ አስተዋፅኦ ነው። ደረጃ 5 ከተሰጣቸው ዕባጮች መካከልም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጉበት ካንሰር ሆነው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የምስሉ ብቻ አይደለም፤ የታማሚውም ጭምር ነው። መመዘኛው የሚያገለግለው ሲሮሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ላለባቸው፣ አለዚያም የጉበት ካንሰር ላለባቸው ወይም ለነበረባቸው አዋቂዎች ነው። ከዚህ ክበብ ውጭ ባለ ሰው ላይ ተመሳሳይ ምስል ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር ወይም አደገኛ ያልሆነ ዕጢ ሊሆን ይችላል። የበድ-ኪያሪ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ጉበት ላይ የሚበቅሉ ካንሰር ያልሆኑ ዕባጮችም ካንሰርን ይመስላሉ።

በእኛ ሁኔታ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። መመዘኛው የተመሠረተባቸው ጥናቶች በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከምሥራቅ እስያ የመጡ ናቸው። በሀገራችን ግን የአንጀት ቢልሃርዚያ በሚበዛባቸው አካባቢዎች የጣፊያ ማበጥና የጉሮሮ ደም መልሶች መወጠር የሚመጣው ሲሮሲስ ሳይኖር፣ በፖርታል ደም መልስ ዙሪያ በሚፈጠር ጠባሳ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የምርመራ መጠየቂያው ላይ ማስረጃው ሳይጣራ «ሲሮሲስ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ደረጃ 5 ይሰጣል፤ ናሙናም አይወሰድም። ያለበቂ ማስረጃ የካንሰር ስም የተለጠፈበት ሰው ወይ የማይገባውን ሕክምና ያገኛል፤ ወይ ደግሞ ሊታከም የሚችል ሕመም ይዞ «ተስፋ የለውም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሁለተኛው ወሰን የተገላቢጦሽ ነው። ደረጃ 5 ለእርግጠኝነት ቅድሚያ ስለሚሰጥ፣ ቀላል የማይባሉ ካንሰሮች በደረጃ 3 እና 4 ውስጥ ይቀራሉ። ከ10 ሚሊሜትር በታች የሆነ ዕባጭ ከቶውንም ደረጃ 5 አይሰጠውም፤ ጨርሶ ላይታይም ይችላል። ከዚህም በላይ የደም ቅዳው ምዕራፍ ጊዜውን ሳይጠብቅ ከተነሳ ወይም ታማሚው ትንፋሹን መያዝ ካቃተው ዋናው ምልክት ይጠፋል። ስለዚህ «ደረጃ 5 አይደለም» ማለት «ካንሰር የለም» ማለት አይደለም። በዕባጩ ደረጃና በታማሚው ሁኔታ መሠረት ምስሉን መድገም፣ ናሙና መውሰድ ወይም ጉዳዩን ለጋራ ውይይት ማቅረብ ያስፈልጋል።

የመመዘኛው ዋነኛ ድክመት፣ በእኔ አስተያየት፣ ለምስል አንባቢው የሰጠው ሥልጣን አንባቢው በእጁ በሌለ መረጃ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። መረጃው ያለው ታማሚውን በሚያየው ሐኪም ዘንድ ነው። በመሆኑም ላኪው ሐኪም የሄፓታይተስ ቢ ውጤትን፣ ሲሮሲስ የተባለበትን ማስረጃ፣ የቢልሃርዚያ ተጋላጭነትንና የቀድሞ ካንሰር ታሪክን በመጠየቂያው ላይ ማስፈር ይጠበቅበታል። የራዲዮሎጂ ባለሙያውም ከደረጃው በፊት መመዘኛው ለታማሚው ይሠራ እንደሆነ፣ የምስሉን ጥራትና የዕባጩን መጠን ሊገልጽ ይገባል። ይህ አዲስ መሣሪያም ሆነ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም። እነዚህ ካልተሟሉ ግን ደረጃ 5 የሚለውን ቁጥር ለናሙና ምርመራ ምትክ አድርጎ መቀበል አይገባም።